ቤንዚን ጤፍ አይደለም

ባለፈው ሰሞን አንድ የቆየ ወዳጄ ምሳ ጋብዞኝ ቤቱ ሄጄ ነበር። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጡ እስኪቀርብ ነፋስ ልቀበል ብዬ በረንዳው ላይ ብቅ ስል አንድ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ። የኛ ሰው በረንዳ ላይ የማያስቀምጠው ነገር ስለሌለ ከሰል ወይም ሽንኩርት መስሎኝ ነበር። ሽታው ግን ሌላ ነው። ሸራውን ገለጥ ሳደርገው ሦስት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

“ይኼ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ቤንዚን ነዋ! ለክፉ ቀን።”

“መቼ የገዛኸው ነው?”

“አንዱ የቅርብ ነው። ሁለቱ ግን ቆይተዋል፤ ያለፈው ፋሲካ ሳይሆን የዛሬ ዓመት የነበረው ፋሲካ ሰሞን ነው መሰለኝ” አለኝና ኩራት በተሞላበት ፈገግታ ወደ ገበታው ጠራኝ። ከበረንዳው በር ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የወጥ ቤቱ ምድጃ ሰማያዊ እሳቱን እያወዛወዘ ነው። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት ዶሮ ጣዕሙን አላስታውሰውም።

ወዳጄን ልወቅሰው አልፈለግሁም። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ከደማችን ጋር የተዋሐደ ነገር ነው። የዮሴፍን ታሪክ፣ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት እየሰማን ያደግን ሕዝብ ነን። ገበሬው ጎተራ ይሠራል፤ መሬቱ በፈቀደለት አገር ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ እህሉን ከመሬት በታች ይደብቃል። ጤፍ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ እህል ነው። ማሽላና በቆሎ ነቀዝ ሲበላቸው ጤፍ፣ ከትንሽነቱ የተነሣ ነቀዝም የሚገባበት አጥቶ፣ ለዓመታት ይቀመጣል። አያቶቻችን ያወረሱን የማስቀመጥ ጥበብ እንግዲህ ይኼ ነው፦ ደረቅ ቦታ ፈልግ፣ በደንብ ክደን፣ ዝም በል።

ችግሩ ቤንዚን ጤፍ አለመሆኑ ነው። ቢከደንም ያረጃል፤ ሳይታይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላም ቤት ለቤት ይዞራል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ የማድገው አጎቴ ዘንድ ነበር። ጋሼ ታክሲ ነጂ ነበሩ። መኪናቸው ያቺ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ ኋላዋ ላይ ሞተር የተሸከመች ትንሽ ፊያት ነበረች። ቤንዚን በኩፖን ነው። ኩፖኑ ያልቃል፣ ወሩ ግን አያልቅም። ስለዚህ ጋሼ ከዚህም ከዚያም አጠራቅመው፣ ከሰውም ኩፖን ገዝተው፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን በጓዳ ያስቀምጡ ነበር። “የልጆቹ ዳቦ ነው” ይሉታል። እንዳይነካ! ከአጠገቡ ሌላ ጀሪካን አለ፤ የእትዬ፣ ማለትም የአጎቴ ባለቤት፣ የላምባ ጀሪካን ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀለማቸውም፣ ክዳናቸውም። ምልክት ያደረገባቸው ሰው የለም። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋላ!

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እትዬ ሻማ ለኩሰው ጠረጴዛው ላይ አቆሙና ኩራዝ ሊሞሉ ወደ ጓዳ ገቡ። ጓዳውን አጎቴ ያን ቀን አስተካክለውት ስለነበር የጀሪካኖቹ ቦታ ተለዋውጧል። እትዬ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በጨለማ ሲቀዱ ትንሽ ፈሰሰባቸው። ሻማው ያለው ግን ከእርሳቸው ሩቅ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ እሳቱ የሄደው ከሻማው ወደ እትዬ ነው። መሬት ለመሬት፣ እንደ ሰማያዊ ድመት፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ከዚያ የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው።

እትዬ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተረፉ። ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ በኋላ እንጀራ ለማውጣት አልታዘዝ አላቸው።

እሳቱ ለምን እንደዚያ እንደሄደ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቤንዚን ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ትነቱ ነው። ላምባ ትነቱ እንዲቀጣጠል ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሞቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ነው ኩራዝ ውስጥ ጨዋ ሆኖ በክሩ በኩል ብቻ የሚነድደው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ ለእርሱ ሙቀት ነው ማለት ነው። ትነቱ ደግሞ ከአየር ሦስትና አራት ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ በበር ሥር ያልፋል፤ ደረጃ ይወርዳል፤ እሳት ሲያገኝ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በአየር ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ገደማ ብቻ መገኘቱ ለመቀጣጠል ይበቃዋል።

ታሪኩን ወደ ኋላ ብንሄድበት፣ ቤንዚን መጀመሪያ ላይ የሚፈልገው ሰው ያጣ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ዘይት ተቆፍሮ ሲወጣ የተፈለገው ላምባው ነው፤ ለመብራት። ቤንዚኑ ቶሎ የሚተንና አደገኛ በመሆኑ አጣሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ይደፉት ነበር። ጥቂቱ ለልብስ ማጽጃ እየተባለ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 የካርል ቤንዝ ባለቤት ቤርታ የባሏን አዲስ መኪና ይዛ ረጅም ጉዞ ስትወጣ ነዳጅ የገዛችው ቪስሎክ በምትባል የጀርመን ከተማ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ነው። ወደ እኛም አገር በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ በየመንገዱ ማደያ አልነበረም። በዚያ ዘመን መኪና ያለው ሰው ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ነጋዴ፣ ነዳጁን በየቤቱ በቆርቆሮ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ማደያ የመጣው ቤንዚንን ከሰው ቤት ለማውጣት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሆኖም ጦርነትና እጥረት ሲመጣ ቤንዚን ተመልሶ ቤት ይገባል። ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ዋነኛውን ነገር፣ ነዳጅን፣ ግን ሳይነካ ተወው። የጣሊያን ካሚዮኖችና አውሮፕላኖች በዚያው ነዳጅ መጡብን። ሙሶሊኒ ኋላ ላይ፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከአቢሲኒያ መውጣት ነበረብኝ ብሎ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመኪና ሰልፍ የተጓዘው ማንም ባልከለከለው ቤንዚን ነው።

እስቲ ደግሞ በየቤታችን ያለውን ይህን ጀሪካን የሚባል ነገር እንየው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የቃላትን የትውልድ ሐረግ ቁጠሩ እያልኩ አሰለች ነበር። “ጄሪ” የእንግሊዝ ወታደር ለጀርመኖች ያወጣው ቅጽል ነው፤ ጀሪካን ማለት እንግዲህ “የጀርመን ጣሳ” ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የጀርመን ጦር ነዳጅ የሚይዝ አስተማማኝ ዕቃ ፈልጎ ሽቬልም በምትባል ከተማ ያለ የሙለር ፋብሪካ ሠራው። ከሁለት ወገን ተጨምቆ የተበየደ ብረት ነው፤ 20 ሊትር ይይዛል። ሦስት እጀታ አለው፤ ባዶውን አንድ ሰው አራት ያንጠለጥላል፣ ሙሉውን ሁለት ሰዎች ይቀባበሉታል። ክዳኑ በመዝጊያ ተጠርቅሞ ይጠብቃል። ሆዱ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ያለው ስርጉድ ለጌጥ አይደለም፤ ቤንዚኑ በሙቀት ሲነፋ ብረቱ እንዲሰፋለት ነው። እጀታው ሥርም አየር የሚይዝ ቦታ ተትቶለታል። አንድ ዕቃ የሚይዘውን ነገር ጠባይ አውቆ ሲሠራ እንደዚህ ነው።

እንግሊዞች በዚያን ጊዜ የነበራቸው ስስ ቆርቆሮ ነበር፤ ወታደሮቹ ራሳቸው “ልፍስፍስ” እያሉ የሚጠሩት። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ሲጫን ይቀደዳል፣ መገጣጠሚያው ያፈስሳል። ሲሦው ያህል ነዳጅ ግንባር ሳይደርስ አሸዋ ይጠጣው እንደነበር ተጽፏል። ወታደሩ ባዶውን ቆርቆሮ ቆርጦ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ቤንዚን አፍስሶበት ሻይ ያፈላበት ነበር። ጀርመኖችን ሲማርኩ ግን መጀመሪያ የሚሻሙት ጀሪካኑን ሆነ። እንግሊዝም አሜሪካም ቀድተው በሚሊዮኖች ሠሩት። ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1944፣ ያለ እነዚህ ጣሳዎች ጦራችን ፈረንሳይን ሰንጥቆ ሊያልፍ ባልቻለ ነበር እስከ ማለት ደርሷል። ዛሬ የኛ እናቶች ውሃ የሚቀዱበት ቢጫ ፕላስቲክ ስሙን የወረሰው ከዚህ ነው። ስሙን እንጂ ጠባዩን አልወረሰም። የዘይት ጀሪካን የተሠራው ለዘይት ነው። ቤንዚን ሲቀመጥበት ክዳኑ በትክክል አይገጥም፤ በፀሐይ ይነፋል፤ ትነቱም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል። የወዳጄ በረንዳ የሸተተኝ ለዚህ ነው። “ሃይላንድ” የምንለው የውሃ ፕላስቲክማ ጭራሹን!

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ኖረነዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጸው የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። እኛ ጋ ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ገደማ ተጨመረና የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ጭማሪውን ቀነሰ፤ ዘውዱ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረደ። አንድ ሥርዓት የወደቀው በቤንዚን ምክንያት ነው አልልም፤ ሲወድቅ ግን መጀመሪያ የጮኸው ማደያው ነው። ከዚያ የደርግ ኩፖን መጣ። ሶቪየቶች የገነቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድም ተዘጋና ኑሯችን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ከጅቡቲ በሚጓዝ ቦቴ ላይ ተንጠለጠለ። ቦቴ ሲዘገይ፣ ዋጋ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ሰልፉ ይረዝማል፤ በየከተማው መውጫም ቤንዚን በሃይላንድ ይደረደራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ትግራይ ውስጥ ያለ ሰው ነዳጅ በጠርሙስ እየለካ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ጀመረ፤ በ2015 ክፍያው በሞባይል ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ሕገወጥ የነዳጅ ንግድን በገንዘብና በእስራት የሚቀጣ አዋጅ ወጣ። ሕጉ ጥቁር ገበያውን ይይዝ ይሆናል። የወዳጄን ፍርሃት ግን በምን ይይዘዋል?

ይኼ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 እንግሊዝ አገር የቦቴ ነጂዎች ሥራ ሊያቆሙ ነው ተብሎ ተሠጋ። ፍራንሲስ ሞድ የሚባሉ ሚኒስትር ሕዝቡ በጀሪካን ቤንዚን ሞልቶ ጋራዡ ውስጥ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው ብለው መከሩ። ጋራዥ የሌለውስ? ብሎ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም። በዚያው ሰሞን ዮርክ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቤንዚን ስትገለብጥ ምድጃው በርቶ ስለነበር ትነቱ ተቀጣጥሎ ክፉኛ ተቃጠለች። የተፈራው የሥራ ማቆም እንኳ አልተካሄደም። ዜናውን ሳነብ የታየችኝ እትዬ ናቸው። ሰላሳ ዓመት፣ ሌላ አገር፣ ያው ወለል ለወለል የሚሄድ እሳት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ እርጅናው። ስለ እሳቱ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ቤንዚን ማርጀቱን ግን ብዙዎች አያምኑም። ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። መጀመሪያ የሚተኑት ቀላሎቹ ናቸው፤ ሞተር በጧት ብርድ የሚነሣው ደግሞ በእነርሱ ነው። እነርሱ ሲሄዱ የሚቀረው ከባዱ ነው። ከዚያ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይገባና ፈሳሹን ወደ ሙጫ መለወጥ ይጀምራል። ከከባዱ ዘይት ሰንጥቆ ቤንዚን የማውጣት ዘዴ ከእ.ኤ.አ. 1913 ወዲህ ሲስፋፋ ይህ ሙጫ ትልቅ ራስ ምታት ሆኖ ነበር፤ አጣሪዎች ሙጫውን የሚያዘገይ መድኃኒት ቤንዚኑ ላይ መጨመር የጀመሩትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ግን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። በደንብ በተዘጋ የብረት ዕቃ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ለሙቀት መንፊያ ትንሽ ክፍተት ተትቶለት የተቀመጠ ቤንዚን ለስድስት ወር፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው፣ በዘይት ጀሪካን የተቀመጠ ግን ሦስት ወር ካለፈው አትመኑት።

ኢታኖል ከተቀላቀለበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ይጨመር ነበር። ለውጭ ምንዛሪው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለጀሪካኑ ግን አይደለም። ኢታኖል ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ሲሰክር ከነውሃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ሥር ላይ ይተኛል፤ የመኪና ፓምፕ ደግሞ የሚስበው ከሥር ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። እትዬ ከተኙበት ሐኪም ቤት ከወጡ በኋላ፣ ለሕክምናው የወጣውን ለመተካት ሌት ተቀን መሥራት ነበረባቸው። ኩፖኑም አልቋል። ስለዚህ ከእሳቱ የተረፈውን፣ ስምንት ወር የተቀመጠውን የዚያን ጀሪካን ቤንዚን ታክሲዋ ውስጥ ጨመሩት። ሁለት ቀን እየተንተባተበች ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን ቆመች። መካኒኩ ካርቡራተሩን ፈትቶ ጣቱን ውስጡ አስገባና አውጥቶ አሳየን። እንደ ማር ያለ፣ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር። “ይኼማ ቫርኒሽ ነው እኮ! ጠረጴዛ ይቀባበታል እንጂ መኪና አይነዳበትም” አለ። ጋሼ አልሳቁም። መኪናዋ ሥር ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። የእትዬን እጅ የበላው ቤንዚን አንድ ቀን እንኳ የልጆቹን ዳቦ አላመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ሲነገር ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ መሳቅ አይሆንልኝም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “ሁሉም እሺ። ነገ ልጄን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ቢኖርብኝና ማደያው ባዶ ቢሆንስ?” አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ቤንዚን በረንዳው ላይ የሚያከማቸው ስለሚወደው አይደለም፤ ነገ እንደሚያገኘው ስለማያምን ነው። መቶ አዋጅ ቢወጣ፣ ቦቴው በሰዓቱ እስካልደረሰ ድረስ ሸራው ሥር ጀሪካን አይጠፋም። ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት እኔ አይደለሁም።

የኔ መልስ ትንሽ ናት። ቤንዚንህን የምታስቀምጥበት ጥሩ ዕቃ አለህ፤ የመኪናህ ታንከር። በተሠራለት ቦታ ነው ያለው፤ ስለምትነዳውም አያረጅም። ግማሽ ሲደርስ ሙላው፤ ግማሽ ታንከር ሐኪም ቤት አድርሶ ይመልስሃል። የቅርቡን ጀሪካን አውርደህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ሲጋራም ስልክም ሳትይዝ፣ ደጅ ላይ ቀስ ብለህ ጨምረው። የሁለቱን አሮጌዎች ክዳን ከፍተህ እይ፤ ቀለማቸው ከጠቆረ፣ ሽታቸው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ፣ መኪናህ ውስጥ እንዳታስገባቸው። ቱቦ ውስጥም እንዳትደፋቸው፤ ትነቱ በቱቦው በኩል የጎረቤትህ ቤት ይወጣል። ለሚያውቅ ጋራዥ ውሰድና ስጣቸው። የግድ የሚያስፈልገው ሰው፣ ጀነሬተር ያለው ለምሳሌ፣ ጥቂት ብቻ ይያዝ፤ በብረት ጀሪካን፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጭ፣ ቀኑ ተጽፎበት፤ በየጥቂት ወሩም ተጠቅሞ በአዲስ ይተካው።

ወዳጄ በማግሥቱ ደወለልኝ። “አወረድኳቸው” አለኝ። “ከታች ያሉት ጎረቤቴ ምን አሉኝ መሰለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከየት ነው የሚሸተን እያሉ ቧንቧቸውን ሲያስፈትሹ ኖረዋል።”

እትዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው ያረፉት። እስከ መጨረሻቸው ድረስ ቤታቸው ባለው ጀሪካን ሁሉ አንገት ላይ ጨርቅ ታስሮ ነበር፤ ለውሃው ነጭ፣ ለላምባው ጥቁር፣ ለዘይቱ አረንጓዴ። ቀይ ጨርቅም አስቀምጠው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ “የቤንዚኑ ነው፤ እሱ ግን ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም” አሉኝ።